ቤዝመንት ልጨርስ ነው፤ ፋይበርግላስና ፕላስቲክ ይሻላል ወይስ ፎም?

አዲስ አባወራ፦
ሰላም ወገኖች። ቤቱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራ ሲሆን ከምድር በታች ያለው ክፍል፣ ቤዝመንቱ፣ 700 ስኩዌር ፊት ገደማ ይሆናል፤ ግድግዳው ምንም ያልተለበሰ ብሎኬት ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። በጓሮ በኩል ባለው ጥግ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ቢጠረግም ይመለሳል። የተኛ ውኃ ግን የለም።

አንድ ኮንትራክተር 2 በ4 እንጨት ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ሊያቆም፣ መሃሉን በአር-13 ፋይበርግላስ (አር ሙቀት የመከልከል አቅም መለኪያ ነው) ሊሞላ፣ ላዩን ፕላስቲክ ወጥሮ ድራይዎል (በወረቀት የተለበሰ የጂፕሰም ሰሌዳ) ሊመታ፣ ወለሉን ምንጣፍ ሊያለብስ ነው ሐሳቡ። ሌላው ደግሞ «ግድግዳው ላይ ፎም ነው የሚለጠፈው» ይላል፤ የሱ ዋጋ ከፍ ይላል። የማንን ልስማ? አንዱ ጫፍ ላይ ለእንጀራ ምጣድና ለበዓል ወጥ የሚሆን ሁለተኛ ማዕድ ቤትም አስበናል።

አናጺው፦
ሁለተኛውን ስማ ወንድሜ። ፋይበርግላስ ሙቀት ይይዛል እንጂ አየር አያስቆምም። የክፍሉ አየር በውስጡ ሾልኮ ቀዝቃዛው ብሎኬት ጋ ሲደርስ ጤዛ ይሆናል። 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 10 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ማላብ ይጀምራል፤ በብርዱ ወራት ከአፈር በላይ ያለው የብሎኬት ክፍል ደግሞ ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል። ፕላስቲኩ ነገሩን ያባብሰዋል። ብሎኬቱ ከአፈሩ የሚስበው እርጥበት ወደ ክፍሉ መውጫ አጥቶ እንጨቱ መሃል ይታፈናል፤ ሻጋታ የሚበላው እንጨቱንና የድራይዎሉን ወረቀት ነው። ከፊት ንጹሕ መስሎ ከኋላ ጠቁሮ የሚገኝ ግድግዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ የተሠራ ነው።

ፎም ከመግዛትህ በፊት ግን ያ ጥግ መፍትሔ ያግኝ። ነጩ ዱቄት ውኃ በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ ሲደርቅ የሚተወው ጨው ይመስላል። ውኃ ጠብ አድርግበትና እይ፤ ጨው ይሟሟል፣ ሻጋታ አይሟሟም። ከዚያ በዚያው ጥግ በውጭ በኩል አሸንዳውን ተመልከት። 1,000 ስኩዌር ፊት ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲዘንብ 620 ጋሎን ገደማ ውኃ ይወርዳል። መውረጃው ይህን ሁሉ መሠረቱ ሥር የሚደፋ ከሆነ የትኛውም ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያ) አያድንህም። መውረጃውን ቢያንስ 6 ጫማ አርቀው፤ አፈሩም ከግድግዳው በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ 6 ኢንች ዝቅ እያለ እንዲሄድ ሙላው። የምትሞላው ሸክላማ አፈር ይሁን፤ የአበባ አፈር ውኃውን ያሳልፈዋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ ጠብቅ። ብዙ ሰው ይህን ጥበቃ ይዘለዋል፤ በኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ዋናው እሱ ነው።

እስከዚያው ግድግዳው ላይ ሦስት አራት ቦታ፣ ወለሉም ላይ፣ 45 ሴንቲሜትር በ45 ሴንቲሜትር የሆነ የአልሙኒየም ፎይል አራቱንም ጠርዝ በቴፕ አሽገህ ለጥፍና ሁለት ቀን ተወው። ከፎይሉ ጀርባ ከረጠበ እርጥበቱ ከአፈሩ ነው የሚመጣው፤ ፊቱ ላይ ካላበ የክፍሉ አየር ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ውኃ ልክ፦
በዚሁ ላይ ልጨምር። ግድግዳውን ከውስጥ «ውኃ የማያስገባ» ቀለም ቀብተው ጨርሰናል የሚሉ አሉ። ውኃ ከውጭ ገፍቶ የሚመጣ ከሆነ ቀለሙ ይፋቃል፤ ለቀላል እርጥበት እንጂ ለውኃ ግፊት አይሆንም። አሸንዳው ተስተካክሎም ጥጉ ከረጠበ፣ ወለሉን በግድግዳው ሥር ቆርጦ 4 ኢንች ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ውስጥ መቅበርና ወደ ሳምፕ ፓምፕ (ወለሉ ውስጥ ባለ ጉድጓድ የሚጠራቀመውን ውኃ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ) መምራት ነው የሚቀረው። ፓምፑ ተጠባባቂ ባትሪ ይኑረው፤ መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ያው ዝናቡ ሲመጣ ነው።

ሬዶን አስመርምረሃል? ከአፈር ወደ ቤት የሚገባ፣ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ስለሆነ ካልተለካ አይታወቅም። 4 ፒኮኩሪ በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጋዙን ከወለሉ ሥር ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቱቦ ግድግዳው ሳይዘጋ አስገባ። የሳምፑ ጉድጓድም ክዳኑ የታሸገ ይሁን።

ምንጣፉን ተወው። ቀዝቃዛ ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ በሙቀቱ ወራት ከሥሩ ያልባል። ቪኒል ፕላንክ (እንደ ጣውላ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ወለል) ይበቃል። ወለሉ እንዲሞቅ ከፈለግህ 1 ኢንች ፎም ከላዩ ፕላይውድ ታነጥፋለህ፤ ግን አስቀድመህ ቁመቱን ለካ፤ ለመኖሪያ ክፍል 7 ጫማ መቅረት አለበት። በዚያ ዘመን ቤት ወለል ላይ 9 ኢንች በ9 ኢንች የሆነ አሮጌ ታይል ካገኘህ ደግሞ አትፈልፍለው፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል መጀመሪያ ይመርመር።

አዲስ አባወራ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፎይሉን ሞከርኩት፦ ጥጉ ላይ ከጀርባው ረጥቧል፤ ሌላው ቦታ ደረቅ ነው። መውረጃው እውነትም እዚያው ጥግ ላይ ነበር የሚደፋው፤ አሁን 8 ጫማ አርቄዋለሁ። የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። 1 ኢንች ፎም ለጥፌ እንጨቱ መሃል ፋይበርግላስ ብሞላስ?

አናጺው፦
ይሠራል፤ ግን ለምን ሁለት ነገር ትገዛለህ? በሜሪላንድ የአየር ንብረት ሕጉ ለቤዝመንት ግድግዳ የሚጠይቀው ያልተቋረጠ አር-10 ወይም በእንጨቱ መሃል አር-13 ነው፤ 2 ኢንች ኤክስፒኤስ፣ ያ ሮዝ ወይም ሰማያዊው ሰሌዳ፣ ብቻውን አር-10ሩን ይሰጥሃል። ፋይበርግላሱን ተወውና ገንዘቡ ለፎሙ ይዋል። የእንጨቱ መሃል ባዶ ቢቀር ምንም አይጎዳም፤ ለኤሌክትሪክ መስመርም ይመቻል።

ስትለጥፍ ለፎም የተሠራ ሙጫ ተጠቀም፤ ሌላው ፎሙን ያቀልጠዋል። መጋጠሚያውን ሁሉ በቴፕ፣ ከላይና ከታች ያለውን ክፍተት በሚረጭ ፎም ዝጋ። አንድ ጣት የምታህል ክፍተት እንኳ አየር ከኋላ ካስገባች ልፋቱ ከንቱ ነው። ከሁሉ የሚረሳው የላይኛው ወለል እንጨቶች ጫፍ ከብሎኬቱ በላይ የሚያርፉበት ቦታ ነው፤ እዚያ ፎሙን በየሳጥኑ ልክ ቆርጠህ አስገባና ዙሪያውን ርጭ። የላይኛው ረድፍ ብሎኬት ቀዳዳው ክፍት ከሆነም ድፈነው።

ከዚያ 2 በ4ቱ ከፎሙ ፊት ይቆማል። ኮንክሪቱ ላይ የሚተኛው እንጨት በመድኃኒት የታከመ ይሁን፣ ከሥሩም ስስ የፎም ጥቅል አንጥፍለት። ለእሳት መከላከያ በየ10 ጫማው ከታች እስከ ላይ ቁም መዝጊያ ይግባበት። ፎም እሳት ሲነካው አደገኛ ጭስ ስላለው ክፍቱን አይተውም፤ ½ ኢንች ድራይዎል ይሸፍነዋል። ድራይዎሉን ከወለሉ ½ ኢንች ከፍ አድርገው፤ ቧንቧ ቢፈነዳ ውኃ እንዳይመጥ። ፕላስቲክ የትም ቦታ አይገባም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለዚህ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪው ሳያይ ድራይዎል አትምታ።

የኤሌክትሪክ ሰው፦
ስለ ማዕድ ቤቱ ማንም አላነሳም። ሊጡ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ምጣዱ ላይ የሚወጣው እንፋሎት ቤዝመንቱ ውስጥ ከቀረ የተለፋው ሁሉ በአንድ የበዓል ዋዜማ ይፈተናል። ከምጣዱ በላይ እንፋሎት የሚስብ ማሽን (መሳቢያ) ይግባ፤ ውስጡ ልሙጥ በሆነ የብረት ቱቦ ወደ ውጭ ያውጣው። አየሩን በከሰል ማጣሪያ አጣርተው እዚያው የሚመልሱት መሳቢያዎች ሽታ እንጂ እንፋሎት አይቀንሱም።

አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። ቤዝመንቱ ውስጥ በጭስ ማውጫ የሚተነፍስ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ካለ፣ ኃይለኛ መሳቢያ የማሞቂያውን ጭስ ወደ ውስጥ መልሶ ሊስብ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ይገድላል። ከ400 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ አየር) በላይ ለሚስብ ማሽን ሕጉም ተተኪ አየር እንዲገባ ያዛል። አነስ ያለ መሳቢያ ምረጥ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ስቀል፣ ማሽኑን አብርተህ የማሞቂያው ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ባለሙያ ያረጋግጥ። ምጣዱ 1,500 ዋት ከሆነ 12.5 አምፔር ይጎትታል፤ የራሱ 20 አምፔር መስመር ይኑረው።

በሙቀቱ ወራት ደግሞ መስኮት አትክፈት። 30 ዲግሪና 70 በመቶ የሆነ የጁላይ አየር 24 ዲግሪ በሆነ ነገር ላይ ያልባል፤ የቤዝመንት ወለል ከዚያ ይቀዘቅዛል። ለአንተ ስፋት በቀን 50 ፓይንት ውኃ የሚስብ ዲሂዩሚዲፋየር (ከአየር እርጥበት የሚቀንስ ማሽን) ይበቃል፤ 50 በመቶ ላይ አስተካክለህ ቱቦውን ወደ ወለል ፍሳሽ ምራው። ባልዲው ሞልቶ ማሽኑ የሚቆመው ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሳምንት ነው።