የእናቴን ቀለበት ድንጋዩ ሳይሰነጠቅ እንዴት ላስጠግን?

ሰላም ወገኖች፣ ስለ ከበሩ ድንጋዮች የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ የተወችልኝ የብር ቀለበት አለኝ። ድንጋዩ ደማቅ ቀይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲይዙት የሮማን ፍሬ ይመስላል። አሁን ድንጋዩን የያዘው የብር ጠርዝ ተሰንጥቆ ይነቃነቃል።

አንዱ ወርቅ ሠሪ ሩቢ ነው አለኝ፣ ሌላው ጋርኔት። እኔ ወደ ጋርኔት አደላለሁ። ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ሳስጠጋለት ትንሽ ይሳባል። ቀይ ጋርኔት ውስጥ ብረት አለ፣ ሩቢ ግን እንዲህ አይሳብም። ሐሰተኛ የገንዘብ ኖት በሚፈተሽበት አልትራቫዮሌት መብራት ሥርም ምንም አላበራም፤ ብዙ ሩቢ ግን እዚያ ላይ ቀይ ያበራል። ከየት እንደመጣ መገመት ከባድ ነው። ጋርኔት ከህንድም፣ ከሞዛምቢክም፣ ከማዳጋስካርም ይወጣል።

የጨነቀኝ ጥገናው ነው። ሠሪው ድንጋዩን ሳያወጣ በጋዝ እሳት ልበይደው ይላል። የጋርኔት ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ (የድንጋይን ጭረት መቋቋም ከ1 እስከ 10 በሚለካው) ከ6.5 እስከ 7.5 ነው፤ ጭረትን ደህና ይቋቋማል። ድንገተኛ ሙቀት ግን ይሰነጥቀዋል። የእኔው ደግሞ ውስጡ ቀጭን ስንጥቅ ይታየኛል። ስለዚህ በለብታ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው የማጸዳው።

ያረጀውን ጠርዝ ሳይሰብሩ ድንጋዩን ማውጣት ይቻላል? ያለ እሳት የሚጠገንበት መንገድስ አለ? ጎጃም ውስጥ፣ ባሕር ዳርም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።