ላይኩ ይጎርፋል፤ የገባው ሰው ግን አለ?

ነርሷ፦
ሰላም ወገኖች። ማንበብ የሚከብዳቸው እናቶች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ሰሞኑን ሕፃን ሲያስቀምጠው ስለሚሰጠው ኦአርኤስ (በውሃ ስለሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) አንድ ፖስት ለቀቅኩ፤ ላይኩ ጎረፈ። በሳምንቱ አንዷ ደወለችልኝ፤ ሙሉ ፓኬቱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣ ልትሰጠው ነው! ለአንድ ሊትር ነው ብዬ ጽፌ ነበር እኮ። ምን ላድርግ? ቪዲዮ ልሥራ?

አጅሬ፦
እሷስ ደወለች፤ ያልደወሉትስ? ላይክ ማለት አይቻለሁ ነው እንጂ ገብቶኛል ማለት አይደለም። ጽሑፉን ተዪውና በቮይስ አውሪያቸው፣ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ፣ አንድ ቮይስ ላይ አንድ ነገር ብቻ፤ አብሮት የሚሰጠውን የዚንክ ክኒንም እጅ መታጠቡንም ክትባቱንም አትደርቢበት። ከዛ ደግሞ "ገባችሁ?" እንዳትዪ። ሁሉም አዎ ነው የሚልሽ፣ አልገባኝም ማለት ያሳፍራላ። "እስቲ ለጎረቤትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ በቮይስ መልሺልኝ" በያቸው። ሊትር የምትለዋ ነገር የት ጋ እንደምትጠፋ ያኔ ታገኚዋለሽ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ቪዲዮ ዳታ ይበላል፣ ብዙው ሰው ሳያወርደው ያልፈዋል። አንድ ፎቶ ይበቃል፦ ባለ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክና ፓኬቱ ጎን ለጎን። ሌላ ነገር አይግባበት። ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው፤ ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛበታል፣ ልጁን ይጎዳዋል። እኔ ምክንያቱን ካልሰማሁ ምንም ነገር አይያዝልኝም። አዎ፣ የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው እንደሚደፋም አትርሺ፣ ግን እሱን ሌላ ቀን።

ዝምተኛዋ፦
ሁላችሁም ስልኩ እናትየው እጅ ላይ እንዳለ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ስንት ቤት አለ ስልኩ አንድ የሆነበት፣ እሱም ባልየው ጋ ወይም ትልቁ ልጅ ጋ የሚውልበት። ለኦአርኤስ ችግር የለውም፣ እንዲያውም እነሱም ይስሙት። ስለ ወሊድ መከላከያ ሲሆን ግን ግሩፑ ላይ ማንንም እንዳትጠይቂ። ኢንቦክስም ቢሆን መጀመሪያ ስልኩን ማን እንደያዘው አጣሪ።

ነርሷ፦
የአጅሬን ሞከርኩት። ሰባት ቮይስ መጣልኝ፣ ሦስቱ አሁንም "በብርጭቆ" ይላሉ፣ አልቅሼ ልሞት ነበር። አንዷ ግን ሊትሩን በትክክል ተናግራ ስታበቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ "የፈላውን ውሃ ትኩስ እንዳለ ነው የምጨምረው?" ኧረ ቀዝቅዞ ነው! ለካ እሱን እኔ ራሴ አልጻፍኩትም።