ለልጆቻችን የሳይንስ ትምህርት የተመደበው ገንዘብ የት ነው የሚጠየቀው?

አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖቼ። ልጄ እዚሁ ሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ባዮሎጂ ትማራለች። ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለች። በሳይንስና በምህንድስና ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ማኅበረሰብ ልጆች መንግሥት የሚሰጠው ግራንት አለ ሲባል ሰማሁ። ማመልከቻውን ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እኔ የማታ ሺፍት ነው የምሠራው፣ ቢሮ ለቢሮ መዞር አልቻልኩም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

መልስ፣ የሁለት ልጆች አባት

እህቴ፣ ማመልከቻውን ያጡት እርስዎ ስላልቻሉበት አይደለም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለግሁት በተሳሳተ ቦታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይህን ገንዘብ በአብዛኛው የሚሰጠው ለተማሪው ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው ነው። ፕሮፌሰሮች ፕሮፖዛል ጽፈው ይወዳደራሉ። ያሸነፉት ገንዘቡን ተቀብለው ተማሪ ይመርጣሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማመልከቻው ያለው ዲፓርትመንቱ ዘንድ ነው። ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ልትሆን ትችላለች። ልጅዎ ካልጠየቀች ማንም ቤት ድረስ አያመጣላትም።

የምትጠይቀው በስም ቢሆን ይሻላል። ኤስ-ስቴም የሚባለው ስኮላርሺፕ ጎበዝ ሆነው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች ነው። ገንዘቡ የሚመጣው አሠሪዎች ከውጭ ባለሙያ በኤች-ዋን-ቢ ቪዛ ሲያስመጡ ከሚከፍሉት ክፍያ ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ከእኛም ወገን በዚያ ቪዛ የመጣው ስንት ነው። ኤልሳምፕ የሚባለው ደግሞ በ1991 የተጀመረ፣ በኮንግረስማን ሉዊስ ስቶክስ ስም የተሰየመ የዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት ነው። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚዛወሩ ተማሪዎችን የሚደግፍበት ቦታ አለ። ማክኔር የሚባለው ከአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በጀት የሚመጣ ሲሆን ዶክትሬት ለሚያስቡ ነው። ስሙ የተወሰደው በ1986 በቻሌንጀር አደጋ ከሞተው የፊዚክስ ሊቅና ጠፈርተኛ ከሮናልድ ማክኔር ነው።

አሁን የእኔን ልንገርዎት። ልጄ ሁለተኛ ዓመት ሳለች የዲፓርትመንቷ አስተባባሪ ለኤስ-ስቴም እንድታመለክት ነገረቻት። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ፎርም መሞላት ነበረበት፤ የእኔ የታክስ ወረቀትም ያስፈልግ ነበር። እኔ ያኔ ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ፣ ማታ ታክሲ ላይ ነኝ። "ገቢያችንን ለማን ብለን ነው የምናሳየው? የችግረኛ ፎርም አልፈርምም" አልኳት። ልጅቷ አንድ ቃል አልመለሰችም። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ከሥራ ስገባም ስወጣም አየዋለሁ። ቀኑ እስኪያልፍ እዚያው ቆየ። በዚያ ዓመት በሳምንት 25 ሰዓት ካፌ እየሠራች ተማረች። የኬሚስትሪ ውጤቷም ወረደ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ነው።

በዓመቱ ያቺው አስተባባሪ ድጋሚ ጠራቻት። ፈረምኩ። እባካችሁ ወላጆች፣ ይህ ደጅ መጥናት አይደለም። ልጁ ውጤቱን አቅርቦ፣ ተወዳድሮ የሚያገኘው ነው።

ከዚያ ሌላው ትልቁ ነገር መጣ፣ የሰመር ምርምር። አርኢዩ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ 10 ሳምንት ገደማ ነው። ለተማሪው ይከፈለዋል፣ በሳምንት 700 ዶላር አካባቢ፤ ብዙ ቦታ ማደሪያም ይሰጣሉ። ለዚህኛው ልጅዎ ራሷ ነው የምታመለክተው፣ ሌላ ስቴት ያለ ዩኒቨርሲቲም ይቀበላታል። ብዙዎቹ የሚዘጉት ክረምቱ ሳይወጣ፣ ፌብሯሪ አካባቢ ስለሆነ ሪከመንዴሽን የሚጽፍላትን መምህር ቀደም ብላ ታናግር። የእኔዋ ስትሄድ ብርጭቆ የሚያሳጥቧት መስሏት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስሟ የተጻፈበት የላብራቶሪ ደብተር ሰጧት። በቪዲዮ ደውላ ትንሽ ክብ ሰሃን ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የበቀለ ነገር አሳየችን። እርሾ ነው። እናቷ "ይሄንንማ እኔ በየሳምንቱ ሳቦካ አገኘው የለ!" አለች። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናቷ ስለ እርሾ ጂን ማስረዳት አላቆመችም።

ታናናሽ ልጆች ላላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ዩኤምቢሲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ማየርሆፍ ስኮላርስ የሚባል ፕሮግራም አለ። በ1988 ተቋቁሞ በ1989 በ19 ጥቁር ወንድ ተማሪዎች ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ሴቶች ገቡ። በ1996 ለሁሉም ዘር ክፍት ሆነ። የሞደርናን የኮቪድ ክትባት ከሠሩት ሳይንቲስቶች አንዷ ኪዝሜኪያ ኮርቤት የዚያ ልጅ ናት። የሚቀበለው ከሃይስኩል የሚጨርሱትን ስለሆነ ገና 11ኛ ክፍል እያሉ አስቡበት።

"እኛን አይመለከትም፣ ለአሜሪካ ጥቁሮች ነው" የሚል ወላጅም ብዙ ሰምቻለሁ። የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ተመራማሪዋን ትምኒት ገብሩን አስቡ። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት እዚህ መጣች። ጎበዝ ተማሪ ሆና ሳለ አንዳንድ አስተማሪዎች ከፍ ያለውን ክፍል እንዳትወስድ ከልክለዋት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። በኋላ ስታንፎርድ ዶክትሬቷን ይዛ፣ በ2017 ከረድኤት አበበ ጋር ብላክ ኢን ኤአይ የሚባለውን የጥቁር ኤአይ ባለሙያዎች ማኅበር መሠረተች። እነዚህ ፕሮግራሞች የመጡት እንዲህ ያለ በር የሚዘጋበት ልጅ ስላለ ነው። የእኛም ልጆች እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ አሳይለም ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው። ወንድ ልጄም በኔው ኬዝ ውስጥ ነው። ይሆንለታል?

መልስ፣ የሁለት ልጆች አባት

እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ጠበቅ ይላል። አርኢዩ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይፈልጋል። ኤስ-ስቴም ከእነዚህ በተጨማሪ በስደተኝነት ተመዝግቦ ከውጭ የገባውንም ይቀበላል፤ ለምሳሌ ከኬንያ ካምፕ በሪፊውጂ የመጣ። እዚህ ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀ ግን ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። በዲቪ የመጣ ግሪን ካርድ ስላለው አይቸገርም። ልጅህ የሥራ ፈቃድ ካለው ግን አንድ ፕሮፌሰር በሌላ ገንዘብ ላብራቶሪው ውስጥ ሊቀጥረው ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ከራሱ ወይም ከለጋሾች የሚሰጠው ስኮላርሺፕም የራሱ ደንብ አለው። ይጠይቅ እንጂ ከወዲሁ ተስፋ አይቁረጥ።

ሌላ የማይቀር ነገር። በ2025 ከኤፕሪል 18 ጀምሮ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ግራንቶችን መሰረዝ ጀመረ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ተሰረዙ። ብዙዎቹ በትክክል እኛ የምናወራላቸው፣ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑትን ወደ ሳይንስ ለማምጣት የተሰጡ ነበሩ። ልቤን ነው የሰበረው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የፕሮግራሙን ስም አይታችሁ አትተማመኑ። "ግራንቱ አሁን ይሠራል? እስከ መቼ ነው? የዘንድሮ ቦታ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ማታ ከሥራ በፊት አብረን ቁጭ ብለን ለምትዛወርበት ዲፓርትመንት አስተባባሪ ኢሜይል ላከች። ዛሬ ጠዋት መለሱላት። ማክሰኞ በዙም ያናግሯታል። ምን ይዛ ትቅረብ?

መልስ፣ የሁለት ልጆች አባት

ደስ ሲል! ትራንስክሪፕቷን ታዘጋጅ። ፋፍሳውን ከሞላችሁ እሱን ትንገራቸው፤ ካልሞላችሁ ዛሬውኑ ሙሉት። ከዚያ ዲፓርትመንቱ ገጽ ላይ ገብታ የሁለት ፕሮፌሰሮችን ሥራ ታንብብ። ያልገባትን አንድ ጥያቄ ጽፋ ትያዝ፣ ስብሰባው ሳያልቅም ትጠይቃቸው። የእኔዋን ላብራቶሪው ውስጥ ያስገባት እንዲያ ብላ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው።