እህቴ ቃጠሎው ለምን አልተሰማትም?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች። ታናሽ እህቴ አኖሬክሲያ፣ ማለትም እንዳትወፍር ፈርታ ምግብ የምትተውበት ሕመም፣ አለባት፤ ሕክምና ጀምራለች። ሁሌ ስለሚበርዳት ሙቅ ውሃ የሞላ ላስቲክ ሆዷ ላይ አድርጋ ትተኛለች። ትናንት ልብስ ስትቀይር ሆዷ ቀልቶ፣ ቆዳዋ ውሃ ቋጥሮ አየሁ። «አላመመኝም» አለችኝ፣ ያውም ሳትደነግጥ። እየደበቀችኝ ነው ወይስ እውነት ላይሰማት ይችላል?

መልስ 1፦ ነርስ ነኝ። እውነቷን ሊሆን ይችላል። አኖሬክሲያና ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ እንዳይወፍሩ በማስታወክ ወይም በሌላ መንገድ ለማካካስ የመሞከር ሕመም) ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ የሙቀት ሕመም የሚሰማቸው ከሌላው ሰው ዘግይቶ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ አንድ አይመስልም። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊን የምንለው፣ ይጠረጠራል። አንጎል ከሰውነት የሚመጣለትን ስሜት የሚያነብበት መንገድም ይቀየራል። ከዳኑ በኋላ ጭምር የቆየባቸው አሉ።

ለጊዜው ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። በንጹሕ ፋሻ ሸፍናችሁ ለሐኪም አሳዩት። ላስቲኩ አልጋ ውስጥ አይግባ፤ ብርድ ልብስ ደርቡላት።

መልስ 2፦ እኔ ቡሊሚያ ነበረብኝ። «አሞሻል?» ሲሉኝ «ኧረ ደህና ነኝ» እል ነበር። ውሸቴን አልነበረም። እያነከስኩ ስሮጥ ከርሜ ኋላ የእግሬ አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። በዚህ በሽታ አጥንትም ሊሳሳ ይችላል፣ ያን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ እህቴ፣ «ያምሻል?» ብለሽ ብቻ አትለፊ። አረማመዷን እዪ። እጅና እግሯን እዪ። ያበጠ፣ የጠቆረ፣ የቆሰለ ነገር አለ?

መልስ 3፦ ሌላም ነገር ይታየኛል። ሆን ብለው ራሳቸውን የሚጎዱም አሉ። ሳትወነጅያት፣ ብቻችሁን ስትሆኑ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ያላሰበችውን አያሳስባትም።

መልስ 1፦ ልክ ነው። አንድ ልጨምር። ራሷን ከሳተች፣ የልብ ምቷ ከተዛባ ወይም ሆዷ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ «ምንም አላመመኝም» ብትልም ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። የእሷን ቃል አትጠብቁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ቀጠሮ አላት። ሳትሰማ ለሐኪሟ ልንገረው?

መልስ 2፦ አይ፣ አብራችሁ ግቡና ፊቷ ንገሪው። ከጀርባዋ እንደተወራ ካወቀች ቀጣዩን ቁስል ትደብቅሻለች።