ታይሚንግ ቤልት ቀይሬ ሁለት ዙር ሳዞረው የካሙ ምልክት ወደ ኋላ ቀረ፦ ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው ኮሮላ ኤኢ101፣ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ ነው። አዲስ ታይሚንግ ቤልት (ክራንኩንና ካሙን የሚያያይዘው ጥርሳም ቀበቶ) እና ቴንሽነር (ቤልቱን የሚወጥረው) ገብቶለታል። ስገጥመው የክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ፑሌ 0 ላይ፣ የካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፑሌ ቀዳዳም የካሙ መያዣ ካፕ ላይ ካለው ምልክት ጋር ልክ ነበሩ። ቴንሽነሩን ለቀቅ አድርጌ ሞላው ከሳበው በኋላ አጠበቅኩት። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሬ 0 ላይ ስመልሰው የካሙ ቀዳዳ ግማሽ ጥርስ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። ቤልቱ ላይ የታተሙት ነጭ መስመሮችም ከፑሌዎቹ ጋር አይገናኙም። ግማሽ ጥርስ የሚባል ስህተት አለ ወይ? የመስመሮቹስ ነገር ያሳስባል? ዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ትንሽ ዞር ካደረግከው ይስተካከላል የሚሉም አሉ። እስካሁን አላስነሳሁትም።

ካንዴላ

ባለማስነሳትህ ጥሩ አድርገሃል። ስህተቱ ራስህ የጻፍከው ቅደም ተከተል ውስጥ አለ፤ ቴንሽነሩን ያጠበቅከው ሳታዞር ነው።

ሞተሩ ከቤልቱ በኩል ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ ክራንኩ ካሙን የሚጎትተው ከቴንሽነሩ ተቃራኒ ባለው ጎን ነው። ቤልቱን ስታስገባ እዚያ ጎን ላይ ትንሽ እርግብታ ከቀረ በዓይን አይታይም። ስታዞር ግን ክራንኩ መጀመሪያ ያቺን እርግብታ ይሰበስባል፣ ካሙ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ኋላ ቀረ ያልከው እሱ ነው። የተሰበሰበው እርግብታ ደግሞ ወደ ቴንሽነሩ ጎን ይሄዳል፤ ቴንሽነሩ ቀድሞ ስለተቆለፈ ሊስበው አይችልም። እንደዚሁ ብታስነሳው ካሙ ከመዘግየቱ ሌላ ቤልቱም ላልቶ ጥርስ ሊዘል ይችላል።

እንደገና ስትሠራው አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ ክራንኩ በቀላሉ ይዞርልሃል። ክራንኩን 0 ላይ፣ የካሙን ቀዳዳ ምልክቱ ላይ አድርግ። የቴንሽነሩን ብሎን ፍታና ሞላውን እየተቃወምክ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ገፍተህ ለጊዜው ያዘው። ቤልቱን ከክራንኩ ጀምረህ በሚጎተተው ጎን ወጥረህ ወደ ካሙ አውጣ፤ በቴንሽነሩ በኩል የምታወርደው መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ብሎኑን ለቀቅ አድርግ፣ አታጥብቅ። ሞላው ራሱ ይሳበው። በ19 ቁልፍ ክራንኩን በዝግታ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። ምልክቶቹ ልክ ከሆኑ ያኔ ብሎኑን በ37 ኒውተን ሜትር እሰር። በሚጎተተው ጎን መሃል ላይ በ2 ኪሎ ያህል ጉልበት ስትጫነው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት።

0ን ካለፍከው ወደ ኋላ አትመልስ፣ ሌላ ሁለት ዙር አዙር። ወደ ኋላ መመለስ የሚጎተተውን ጎን እንደገና ያረግበዋል፣ ከዚያ የምታየው ምልክት ይዋሻል።

ነጩ መስመር አያሳስብህ። እሱ ለመግጠሚያ ሰዓት ብቻ ነው። የቤልቱ ጥርስ ብዛት ከፑሌዎቹ ጋር እኩል ስለማይካፈል፣ መስመሮቹ ተመልሰው እንዲገናኙ ክራንኩ ብዙ ዙር መዞር አለበት። የምታመሳክረው ፑሌዎቹን ከሞተሩ አካል ጋር ነው።

ቴስታታ

በዚህ ላይ ልጨምር። 0ው ራሱ 0 መሆኑንም አረጋግጥ። የክራንኩ ፑሌ በውስጡ ላስቲክ ካለውና ላስቲኩ ካረጀ፣ የውጪው ቀለበት ተንሸራቶ ምልክቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ዋናውን ፑሌ አውጥተህ ከኋላው ያለችውን የቤልቱን ጥርሳም ፑሌ ተመልከት፤ የእሷ ምልክት ኦይል ፓምፑ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ይገጥማል። እሷን ላስቲክ አያንሸራትታትም።

የካሙን ቀዳዳ ቁመህ ወይም አጎንብሰህ ሳይሆን በልኩ ፊት ለፊት እይ። ዓይንህን በትንሹ ወደ ጎን ብታደርግ ግማሽ ጥርስ የሚያህል ልዩነት ታያለህ። ጥያቄህም እዚህ ይመለሳል፦ ቤልቱ በግማሽ ጥርስ ሊገጠም አይችልም። ግማሽ የሚመስለው ወይ እርግብታ፣ ወይ የዓይን አቅጣጫ፣ ወይ ሲገጠም 0 ላይ ያልነበረ ክራንክ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ምልክቱ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ካሙ በግማሽ ዙር ዞሯል ማለት ነው፤ ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር ጨምር።

ከመክደንህ በፊት፦ የቤልቱ ማገጃ ሳህን ጎድጓዳ ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ከተገለበጠ የቤልቱን ጠርዝ ይበላዋል። የካሙና የክራንኩ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ላይ ዘይት ካየህ አሁኑኑ ቀይራቸው፣ ዘይት የነካው አዲስ ቤልት ላስቲኩ አብጦ ጥርሱ ይላጣል። የክራንኩ ብሎን 118 ኒውተን ሜትር ነው። ማንዋል ከሆነ 5ኛ ማርሽ አስገብተህ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። ብሎኑ ያላግባብ ከላላ ፑሌውን ከክራንኩ ጋር የምትይዘውን ትንሽ ብረት (ቁልፏን) ይበላና ቦታዋን ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ፑሌው ወዲያና ወዲህ ይላል። ብሎኑ ሲታሰር ክራንኩ ትንሽ ስለሚዞር ምልክቶቹን ከዚያም በኋላ አንዴ እያቸው።

ጠያቂ

ፈትቼ በተባለው ቅደም ተከተል ገጠምኩት። አራት ዙር አዞርኩ፣ ሁለቱም ምልክት በልኩ ነው። የዲስትሪቢውተሩን ነገር አስረዱኝ።

ካንዴላ

ዲስትሪቢውተሩ የሚዞረው በካም ነው። ቤልቱ አንድ ጥርስ ቢስት ካሙም እሳቱም አብረው በክራንክ 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይስታሉ። ዲስትሪቢውተሩን ስታዞር እሳቱ ይመለሳል፣ ቫልቮቹ ግን እዚያው ስህተታቸው ላይ ይቀራሉ። ታይሚንግ ላይቱ (የእሳቱን ሰዓት የሚያሳየው መብራት) 10 ዲግሪ ያሳይሃል፣ መኪናው ግን ዳገት አይወጣም። ለዚህ ነው በዲስትሪቢውተር የተሸፈነ የቤልት ስህተት ለወራት ሳይገኝ የሚኖረው። ይህ ማስተካከያ ለቤልቱ ማካካሻ አይደለም፣ ቤልቱ ልክ ከሆነ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

አሁን ልክ ስለሆነ እንዲህ አድርግ። ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ ኤሲና መብራት አጥፋ። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችውን የዲያግኖሲስ ሳጥን ክፈትና ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝ። ክዳኗ ላይ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል፣ ሳታነብ አታስገባ፤ የተሳሳተ ቀዳዳ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል። የላይቱን መያዣ 1ኛው ሲሊንደር ሽቦ ላይ አድርግ፣ እሱም በቤልቱ በኩል ያለው ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 10 ዲግሪ ከቶፕ (ፒስተኑ ጫፍ ከሚደርስበት) በፊት መሆን አለበት። ካልሆነ የዲስትሪቢውተሩን ብሎኖች ለቀቅ አድርገህ በጥቂቱ አዙር፣ አጥብቅ፣ እንደገና አብራበት፤ ሲጠብቅ ትንሽ ይሸሻል።

ሽቦውን ስታወጣ ቁጥሩ ከ10 ከፍ ብሎ ይዋዥቃል። ኮምፒውተሩ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሽቦውን ሳያገናኝ በዚህ በሚዋዥቀው ቁጥር ሊያስተካክል ሲታገል ይውላል። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፣ ሽቦ ነቅለህ ከነበረ አረጋግጥ።

ናፍጣ ብቻ

ይህን የሚያነብ የ2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል (የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች) ባለቤት ይኖራል ብዬ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ቤልቱ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ አይገናኙም፣ መንገድ ላይ መቆም ነው ጉዳቱ። ናፍጣዎቹ ላይ ይገናኛሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የቲ-ቤልት መብራት በ100,000 ኪሎ ሜትር የምትበራውም ለዚህ ነው።

እዚያ የሚገጥሙት ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ ክራንክ፣ ካም እና የናፍጣ ፓምፕ። ቤልቱ ሲወጣ ካሙ በቫልቭ ሞላ ተገፍቶ በራሱ ሊዘል ይችላል፣ ፓምፑም እንዲሁ። ቤልቱን ስታስገባ ፓምፑን በቁልፍ ያዘው። ቤልቱ ወጥቶ ካሙን ማዞር ግድ ከሆነ አስቀድመህ ክራንኩን ከቶፕ ሩብ ዙር አርቀው፤ ያኔ አራቱም ፒስተኖች መሃል ላይ ስለሚሆኑ ቫልቭ የሚመታው የለም። ካሙ ቦታው ሲደርስ ክራንኩን በመጣበት መንገድ መልስ።

ፓምፑ አንድ ጥርስ ከቀደመ ሞተሩ በኃይል ይንኳኳል። ከዘገየ በጠዋት አልነሳ ይላል፣ ሲነሳም ነጭ ጭስ ያወጣል። የፓምፑን አካል በብሎኖቹ አላልቶ ማዞር ከላይ እንደተባለው ዲስትሪቢውተር ነው፣ የጥርስ ስህተት አያርምም። ጥርሱ ልክ ሆኖ ጥቂት ማስተካከያ ካስፈለገ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካ ሰዓት መሰል መሣሪያ) ይለካል እንጂ በጆሮ አይሆንም።