ሽታው እየተመላለሰ አስቸገረኝ፤ ባለቤቴም መታከም አለበት?

የናሆም እናት፣ ከደሴ

ሰላም እህቶቼ። ይሄን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ። እዚህ ስሜን የሚያውቅ ስለሌለ ደፈርኩ።

31 ዓመቴ ነው። አፀደ ሕፃናት አስተምራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ችግሬ የጀመረው ትንሿን ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እሷ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ቀጠን ያለ ግራጫ ፈሳሽ ይወርደኛል። አያሳክክም። አያምም። ሽታው ነው የገደለኝ። ከሐይቅ ዓሣ ገዝተው በፌስታል ሲያመጡት የሚሸተውን ታውቁታላችሁ? እንደሱ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን በኋላ ደግሞ ይብሳል።

ሥራዬ ከሕፃናት ጋር ነው። ታውቃላችሁ፣ የአራት ዓመት ልጅ የሸተተውን ይናገራል። አንድ ቀን አንዷ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ስዕል እየቀባች፣ «ቲቸር ምንድን ነው የሚሸተው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅ ማቀፍ ፈራሁ።

አራት ጊዜ ታክሜያለሁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥቼ ገባሁ። የነበረችው ባለሙያ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ፈሳሽ አለሽ?» አለችኝ። አለኝ አልኩ። አንድ መርፌና ሁለት ዓይነት ክኒን ጻፈችልኝ። አልጋው ላይ ውጪ አላለችኝም። ናሙናም አልወሰደችም። ሽታው በሳምንቱ ጠፋ፤ በሁለት ወሩ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውን ከፋርማሲ ፍላጂል ራሴ ገዝቼ ዋጥኩ። አራተኛው የግል ክሊኒክ ነበር። «የማህፀን ኢንፌክሽን» ተብሎ ተጻፈልኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ያው ፍላጂል ነው፤ ካርቶኑ ብቻ ተለውጧል።

በመሀል ያላደረግሁት የለም። አማቴ «ብርድ ገብቶብሽ ነው» ብላ ወይባ አስሞቀችኝ። ጎረቤቴ ዴቶል በውሃ አድርገሽ ውስጥሽን ታጠቢ አለችኝ፤ ወር ሙሉ ታጠብኩ። ባሰብኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ዘመዴ ስትደውልልኝ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ባልየውም አብሮ ሲታከም እንደማይመለስ በጥናት ተረጋግጧል አለችኝ። ለባለቤቴ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ማታ ላይ «እኔ ምን ሆኜ ነው የምታከመው? አንቺስ ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ይቺ ቃል እንቅልፍ ነስታኛለች። ክፉ ሰው አይደለም። ግን አለው።

ጥናቱ እውነት ነው? የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

---

ስላይድ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽው። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ካልኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ያንቺን ሳነብ እጄ ስላይድ ፈለገ።

አራት ጊዜ መድኃኒት ወስደሽ አንዴም አልተመረመርሽም። ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የባለሙያዋም ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ቀና ብላ አለማየቷ ግን ያሳዝናል። አሠራሩ በምልክት ማከም ይባላል። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ሰው ሳይታከም እንዳይመለስ ተብሎ የመጣ ነው። ለወንዶች ፈሳሽ ጥሩ ይሠራል። ለሴቶች ፈሳሽ ግን ብዙ ይስታል። አንዱ ምክንያት የተለያየ ችግር ተመሳሳይ ፈሳሽ ማምጣቱ ነው። ሌላው ደግሞ ይከፋል፤ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አታይም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በላቦራቶሪ የአባላዘር በሽታ የተገኘባቸውን ሴቶች አየ። የሚታይ ፈሳሽ የነበራቸው 12 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በምልክት ብቻ ቢታዩ ኖሮ «ጤነኛ ነሽ» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ወዳንቺ ልመለስ። ያልሽው ሁሉ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለውን ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት፤ ሳላይ ነው አልልም። ፈንገስ ቢሆን ያሳክክሽ ነበር፤ ፈሳሹም እንደ አይብ ይቆራረጣል፤ ይሄ ሽታም የለውም። ትሪኮሞናስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ አረፋ ያለው ፈሳሽ ያመጣል። እሱ በግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ባልና ሚስት አብረው ይታከማሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት የነሱ ዘመዶች ናቸው። እዚያም ሥራቸው ያው ነው፤ አሲድ ያመርታሉ። ኮምጠጥ ያለ ቤት ሌላ ባክቴሪያ አይመቸውም። እነሱ ሲሳሱ ጋርድኔሬላና ሌሎች ብዙ ዓይነቶች ይወርሩታል። የዓሣው ሽታ የሚመጣው እነዚህ ከሚያመነጩት ነገር ነው። የወንድ ዘር ፈሳሽ አሲድን ስለሚያረክስ ከግንኙነት በኋላ ይብሳል። ዴቶሉ ለምን እንዳባሰብሽ አሁን ገባሽ? ጠባቂዎቹን ነው ያጠብሻቸው። ሎሚም፣ ሳሙናም ያው ነው። ወደ ውስጥ ምንም አታስገቢ። ከውጭ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል።

ምርመራው ቀላል ነው። ለዚህ ነው የሚያናድደኝ። በጥጥ ዘንግ ትንሽ ፈሳሽ ይወሰዳል። አራት ነገር እናያለን። ፈሳሹ ቀጭንና ግራጫ ነው ወይ? ፒኤች የሚባለው የአሲድ መለኪያ ከ4.5 በላይ ነው ወይ? አንድ ጠብታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲነካው ይሸታል ወይ? በማይክሮስኮፕ ክሉ ሴል፣ ማለትም ባክቴሪያ የተለጠፈበት የብልት ሴል፣ አለ ወይ? ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው። መስፈርቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ክሉ ሴልን የሚያውቅ ሰው አይስተውም፤ የሴሉ ዳር ስኳር እንደተነሰነሰበት ዳቦ ሻካራ ይሆናል። ማይክሮስኮፕና አንድ ጠርሙስ ኬሚካል ያለው ጤና ጣቢያ ይሄን መሥራት ይችላል።

አሁን ጥናቱ። አዎ፣ እውነት ነው። ሜልበርን ላይ የተሠራ ነው፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። አንድ ለአንድ የሚኖሩ 164 ጥንዶች ገቡበት። ሴቶቹ ሁሉ የተለመደውን ሕክምና ወሰዱ። ከወንዶቹ ገሚሶቹ ለ7 ቀን ሜትሮኒዳዞል (ያው ፍላጂል የምንለው) ክኒን ዋጡ፤ ክሊንዳማይሲን ክሬምም ብልታቸው ላይ በቀን ሁለቴ ተቀቡ። ገሚሶቹ ምንም አልወሰዱም። በ12 ሳምንት ውስጥ ባላቸው ካልታከመ ሴቶች 63 ከመቶዎቹ ተመለሰባቸው። ባላቸው ከታከመው ግን 35 ከመቶ። ልዩነቱ ሰፊ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ።

ዘመድሽ «አይመለስም» ያለችው ግን ልክ አይደለም። 35 ከመቶ ቀላል ቁጥር አይደለም። ደግሞ ከዚህ በፊት ለወንዶች ክኒን ብቻ የሰጡ ጥናቶች ነበሩ፤ ለውጥ አላመጡም። ክሬሙ ነው ትልቁ አዲስ ነገር፤ ክኒን ብቻውን ከቆዳ ላይ ያለውን አያጠፋውም ተብሎ ይታሰባል። ሌላ እኔን የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እዚያ ጥናት ውስጥ ከነበሩት ወንዶች አብዛኞቹ ያልተገረዙ ናቸው። ባክቴሪያው ከሸለፈት ሥር ይመቸዋል። የኛ ወንዶች አብዛኞቹ የተገረዙ ናቸው። ለኛም በዚያው ልክ ይሠራል ወይ የሚለውን እዚሁ፣ በኛ ጥንዶች ላይ መሥራት ያስፈልጋል። እኔ ብዙ ጊዜ የማስበው ይሄንን ነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ እንዲህ በይልኝ። ይሄ በሽታ መገኘቱ አንዳችሁ ወጣ ብላችኋል ማለት አይደለም። በትዳር ውስጥ ካንቺ ወደሱ፣ ከሱ ወዳንቺ እየተመላለሰ ሊቆይ ይችላል። እሱ ምንም አይሰማውም። የሚሸተው አንቺ ጋ ነው።

---

አዋላጅዋ፣ ከደብረ ማርቆስ

የኔ ልጅ፣ ስላይድ የተናገረውን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው።

ሉፕ አለሽ? አንዳንዴ ከዚህ ችግር ጋር ይያያዛልና ለሚያይሽ ሰው ንገሪ። እርግዝና ካለም ንገሪ፤ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ያለባት ነፍሰ ጡር ያለ ጊዜዋ የመውለድ አደጋዋ ከፍ ይላል። ደግሞ 30 አልፎሻል። አንዴ አልጋው ላይ ከወጣሽ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ጠይቂ። በአቼቶ ነው የሚታየው፤ አያምም፤ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

«አልጋው ላይ ውጪ አላለችኝም» ያልሽው ግን አንጀቴን በላኝ። ተማሪ ሳለሁ አንዲት መምህራችን ስለ ዶክተር ራኒ ባንግ ነግራን ነበር። ሕንድ ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ጋድቺሮሊ በሚባል አውራጃ፣ ከባሏ ጋር ሁለት መንደር ገብታ 650 ሴቶችን መረመረች። ሐኪም ቤት ጠብቃ አይደለም፤ መንደራቸው ሄዳ፣ የሚያማትንም የማያማትንም። 92 ከመቶዎቹ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የማህፀን ወይም የአባላዘር ችግር ተገኘባቸው። በአማካይ አንዷ ሴት 3.6 ዓይነት ነበረባት። ከዚያ በፊት የማህፀን ምርመራ ተደርጎላቸው የሚያውቁት 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታተም ዓለም ደነገጠ። እስከዚያ ድረስ ለድሃ ሀገር ሴት የሚታሰበው የወሊድ መከላከያና ወሊድ ብቻ ነበር። ቀሪው ሰውነቷን የጠየቃት የለም።

እኔ 19 ዓመት ሳዋልድ ሴቶች ምጥ ላይ ሆነው ነው የሚነግሩኝ። «እንደው ከተኛሁ አይቀር፣ ይሄ ፈሳሽ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ዓመታት ተሸክመውት።

---

የሁለት ሴቶች አባት

እህት፣ እኔ ወንድ ነኝ፤ ባልገባ ጥሩ ነበር። ግን ባለቤትሽ ያለውን እኔም ብዬ አውቃለሁ። ያው ቃል። ሚስቴ አልመለሰችልኝም። ጧት ላይ ዓይኗን ሳየው አፈርኩ። በኋላ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ለብቻዬ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። ባለቤትሽን ከባለሙያ አፍ እንዲሰማው አድርጊ። ወንድ ልጅ ከሚስቱ ሲሰማ ክስ ይመስለዋል።

---

ከጅዳ

አንብቤ አለቀስኩ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያንቺው ችግር አለብኝ፤ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ማዳም ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ብላት ምን ታስብብኛለች ብዬ ፈራሁ። በሰው ከሀገር ፍላጂል አስልኬ እውጣለሁ። ሲያልቅ ይመለሳል። ባል የለኝም። ያለ ባልም ይመጣል እንዴ?

---

ስላይድ፣ ከሐዋሳ

የጅዳዋ እህቴ፣ አዎ፣ ያለ ባልም ይመለሳል። ከታከሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ባክቴሪያዎቹ ብልት ግድግዳ ላይ እንደ ሽፋን ተጣብቀው ይቀራሉ፤ መድኃኒቱ ከላይ ያለውን ይጠርጋል፣ ሥሩ ይቆያል። ማፈር የለብሽም። የምትታጠቢበት ነገር ካለ ተዪው። ለማዳምሽ «የሴት ሕመም አለብኝ፣ ሴት ሐኪም ልይ» በያት። ሌላ ዝርዝር አታብዢ። ትኩሳት ወይም ከእምብርትሽ በታች ሕመም ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሪ፤ ወዲያው ታዪ። ያ ወደ ማህፀን ቱቦ የወጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ መካንነት ሊያመጣ ይችላል።

---

የናሆም እናት፣ ከደሴ

ተመለስኩ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ከሁለቱ ሴቶች አባት የተማርኩትን አደረግሁ። ከባለቤቴ ጋር አልተከራከርኩም። የጻፋችሁትን ስልኬን ሰጥቼው ቡና ላፈላ ገባሁ። ሁለተኛው ጀበና ሲደርስ «መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ።

ማክሰኞ ሄድን፤ ሌላ ቦታ ነው፣ ላቦራቶሪ ያለው። ሉፕ የለኝም፤ ክንዴ ላይ የሚቀበረው ነው ያለኝ። አልጋው ላይ ወጣሁ። የምትመረምረኝ ልጅ እያንዳንዷን ነገር ከመንካቷ በፊት ትነግረኝ ነበር። ናሙናው ተወሰደ። አቼቶውንም ጠየቅሁ፤ ንጹሕ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ መጣ፤ ፒኤች 5፣ የሽታ ምርመራ ፖዘቲቭ፣ ክሉ ሴል አለ። ትሪኮሞናስ የለም፣ ፈንገስ የለም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስም አልነበረውም። ስሙን ሳነብ እግሬ ቀለለኝ።

ሐኪሟ የሜልበርኑን ጥናት ታውቀዋለች። ለተገረዘ ወንድ ምን ያህል እንደሚጠቅም በርግጥ መናገር አልችልም፣ ግን መሞከር ትችላላችሁ አለችን። ባለቤቴን አስቀምጣ አስረዳችው። «ከየት መጣ» የሚለውን እሱ ሳይጠይቅ እሷ አነሳችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ክሬሙን ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ አገኘነው። 7 ቀን እስኪያልቅ አትገናኙ፣ ጠላም ይቅር ተብለናል።

ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። እሱ ማታ ማታ አላርም ሞልቶ ያስታውሰኛል።

የጅዳዋ እህቴ፣ ሴት ሐኪም አገኘሽ? እዚህ ጻፊልኝ፤ በየቀኑ እየገባሁ አያለሁ።