ውሉ ያለቀበትን የንግድ ቤት ተከራይ እንዴት ላስለቅቅ? (ባሕር ዳር)

ጠያቂዋ፣ ዓባይ ማዶ
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ አስፋልት ዳር አንድ ሱቅ አላት፤ ዕድሜዋ ስለገፋ ጉዳዩን የምከታተለው እኔ ነኝ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ለምግብ ቤት አከራየነው። ጊዜው በጳጉሜን 2016 አለቀ፤ አዲስ ውል ሳንጻጻፍ ተከራዩ መክፈሉን ቀጠለ፣ እኛም ተቀበልን። ከጥር ወዲህ ግን የሦስት ወር አልከፈለም። «ገበያው ቀዝቅዟል» ይለኛል። ልቀቅልን ስለው ደግሞ «አዲሱ አዋጅ እያለ ማንም አያስወጣኝም» አለ። ወንድሜ ማታ ሲዘጋ ጠብቄ በላዩ ሌላ ቁልፍ እጨምርበታለሁ ብሎ ተነሥቷል። አንድ ነገር አልደብቃችሁም፤ ውሉ ላይ የሰፈረው በወር 5,000 ብር ነው፤ የሚከፍለን ግን 12,000 ነበር። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አባል፣ ፋሲሎ
እህቴ፣ ወንድምሽን ዛሬውኑ አስቁሚው! እኔ ይህን ስህተት ሠርቼዋለሁ። ቁልፍ ገጠምኩ፤ ተከራዩ በሳምንቱ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ከሰሰኝ። ሰውየው የአምስት ወር ኪራይ ነበረበት፤ ዕዳው ግን በዚያ ክስ አልረዳኝም። ቤቱን እንድከፍት ታዘዝኩ፣ ፍሪጅ ውስጥ ለተበላሸው ሥጋም ካሳ ከፈልኩ። ባለዕዳዬ ባለመብት ሆኖ ወጣ።

አባል፣ ጠበቃ
ከላይ የተባለው ልክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ይዞታው በኃይል የተወሰደበት ሰው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ባለቤት መሆን ብቻውን ለዚህ በቂ መከላከያ አይሆንም።

ስለ አዋጁ፦ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው። የሁለት ዓመት ዝቅተኛ የውል ዘመንም ሆነ የሁለት ወር የቅድሚያ ክፍያ ገደብ ምግብ ቤቱን አይመለከትም። የንግድ ቤት በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚዳኘው።

አሁን ዋናው ነገር። ጊዜው ካለቀ በኋላ እያያችሁት ከተቀመጠና ኪራይ ከተቀበላችሁ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ስለዚህ «ውሉ በጳጉሜን አልቋል» ብለሽ ብቻ ብትከሺ ደካማ ነው። ጠንካራው ምክንያትሽ ያልተከፈለው ኪራይ ነው። ያልተከፈለውን ወርና መጠን ጠቅሰሽ፣ ቀን ቆርጠሽ፣ በዚያ ቀን ካልከፈለ ውሉ እንደሚፈርስ በጽሑፍ አስጠንቅቂው። ሕጉ ዝቅተኛውን ጊዜ አስቀምጧል፤ ኪራዩ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የተደረገ ከሆነ 30 ቀን፣ በሌላው 15 ቀን። የእናንተ ውል አሁን የቱ ነው የሚለው ክርክር እንዳያስነሣ 30 ስጪው፤ ሁለት ሳምንት ለማትረፍ ብለሽ ክሱን እንዳታበላሺ። ደብዳቤውን ፈርሞ ይቀበል፤ እምቢ ካለ በሪኮማንዴ ላኪና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያዢ።

ግን ልብ በይ፦ በቀነ ገደቡ ውስጥ ሁሉንም ከከፈለ በዚህ ምክንያት ማስወጣት አትችዪም። ስለዚህ ላልተወሰነ ጊዜ የቀጠለውን ውል እንደምታቋርጡ በዚያው ደብዳቤ ላይ እንደ ሁለተኛ ጉዳይ ለይተሽ ጻፊ።

የሚያሳስበኝ የ5,000 ብሩ ነገር ነው። በአንቀጽ 2005 እና 2006 መሠረት የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ይዘቱን በምስክር ማስተባበል አይፈቀድም። 36,000 ብር ብለሽ ብትጠይቂ «ውሉን እዩት» ይልና 15,000 ይዞ ይቀርባል፤ ያኔ ዕዳዬን ከፍያለሁ ብሎ ይከራከራል። 12,000ውን በባንክ ያስገባ ከነበረ የሒሳብ መግለጫ አውጪ። የኪራይ ገቢ ግብሩንም በ5,000 አስታውቃችሁ ከሆነ፣ ከክሱ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ አስተካክሉ።

አባል፣ ልብስ ሰፊ (ተከራይ)
እኔ በተከራይ በኩል ልናገር። ባለ ምግብ ቤት በአንድ ወር ዕቃ ነቅሎ ቦታ አያገኝም፤ ያፈራቸው ደንበኞችም እዚያው ይቀራሉ። ሁለት ሽማግሌ አስቀምጪና «የሦስቱን ወር እተውልሃለሁ፣ በሰኔ 30 ልቀቅ» በዪው። እኔ የቀድሞ ቤቴን የለቀቅኩት እንደዚህ ነው፤ ከአከራዬ ጋር እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን።

አባል፣ ጠበቃ
ጥሩ ሐሳብ ነው። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ የሚለቅበት ቀን ይቆረጥ። እስከ ሰኔ ድረስ ከእሱ ገንዘብ ስትቀበሉ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የየትኛው ወር እንደሆነና ውሉን እንደማያድስ ይጻፍ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ መልሳችሁን አንብቦ ተረጋግቷል። ሽማግሌዎቹን እሑድ እልካለሁ፤ ደብዳቤውም ይዘጋጃል። በእናቴ ስም እኔ መፈረም እችላለሁ?

አባል፣ ጠበቃ
ያለ ውክልና አትፈርሚ። እናትሽን ይዘሽ ሰነድ ማረጋገጫ ሂጂ፤ ማከራየት፣ ማስጠንቀቅ፣ ኪራይ መቀበል፣ መክሰስና የፍርድ አፈጻጸም መከታተል አንድ በአንድ ይዘርዘር። ደብዳቤው ከውክልናው ቀን በፊት ከወጣ «ሥልጣን የሌላት ሰው ያስጠነቀቀችኝ ነው» ይልሻል።

አባል፣ ፋሲሎ
ቁልፍ ስትረከቢ ደግሞ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባቡን በርክክቡ ወረቀት ላይ አስፍሩ። የእኔ ተከራይ ትቶት የሄደውን የመብራት ዕዳ የከፈልኩት ራሴ ነኝ።